ፊዚክስ አስተማሪ መጣልን

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባን በሁለተኛው ወር ላይ የፊዚክስ አስተማሪያችን ጠፋ። አንድ ሰኞ ጠዋት አልመጣም፤ ማክሰኞም አልመጣም። ረቡዕ ላይ ወደ ጅቡቲ እንደሄደ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር፣ የተናገረ ግን የለም። በዚያን ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ አልነበረም። መጀመሪያ "አሞታል" ይባላል፣ ጥቂት ቀን ይታመማል፣ ከዚያ ስሙም አይነሣም። ሰውየው ጎበዝ አስተማሪ ነበር። ስለ ፍጥነትና ስለ ጉልበት ሲያስተምረን ምሳሌው ሁሉ ከባቡር ስለሆነ፣ በባቡር ፉጨት ላደግን ልጆች የማይገባን ነገር አልነበረም። በሄደበት ይቅናው ማለት ይገባኝ ነበር፤ አላልኩም። ሜዳ ላይ ጥሎን በመሄዱ አንጀቴ አሮ ነበር፣ አሁንም ሳስበው ያርራል።

የተናደድኩት ለራሴ ሳይሆን ለወንድሜ ነው። ወንድሜ ታላቄ ነው፤ ልጅ ሳለን ወባ ደጋግማ እየጣለች ከትምህርት ስላስቀረችው እኔ ደረስኩበትና አንድ ክፍል ተቀመጥን። ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና ደርሷል። ቀበሌ በየዙሩ ወጣቱን እየለቀመ ይልካል፣ ተማሪ ከሆነ ግን አይነካም። ማትሪክ አልፎ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ተረፈ ማለት ነው። ከወደቀ ግን የቀበሌው ንብረት ነው። ባለፈው ዙር ከእኛ መንገድ የሄዱት ልጆች መርዶ መምጣት ጀምሮ ነበርና እናቴ ጎረቤት ውስጥ ጩኸት በሰማች ቁጥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከመውጣቷ በፊት ወንድሜን ዞር ብላ ታየው ነበር። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ካረፈ በኋላ ከዚራ ሠፈር ባለችው አሮጌ ቤት ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ወንድ የሚባል እሱ ብቻ ነው።

ወንድሜ ሰነፍ አልነበረም። ሒሳብ ላይ ሰይጣን ነው፣ አማርኛና ታሪክ አይቸገርም። ፊዚክስ ግን አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ካላስረዳው በስተቀር ከመጽሐፉ ጋር ተፋጥጦ የሚውል ልጅ ነበር። አስተማሪ የሌለው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሌሎቹ ወንዶች ወደ ደረቁ ወንዝ ወርደው ኳስ ይራገጣሉ፤ እሱ ባዶ ክፍል ውስጥ መጽሐፉን ይዞ ይቀራል። አንዳንዴ መለስ ብዬ ሳየው ያው ገጽ ላይ ነው።

ከጥምቀት በፊት አንድ ጠዋት ዳይሬክተራችን ባንዲራው ሥር ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጓድ ተማሪዎች! መንግሥታችን የመምህራንን እጥረት ለመቅረፍ ከወዳጅ አገር ከህንድ መምህራንን አስመጥቷል። ከነሱ አንዱ ለእኛ ትምህርት ቤት ደርሶናል። ፊዚክስ ነው!" አለ። ቀበሌ ሱቅ ስኳር ገባ ሲባል እንደሚጨበጨበው አጨበጨብን። ወንድሜን አየሁት፤ እጁን አንሥቶ ማጨብጨቡን ረስቶ ይስቃል።

ህንድ ለድሬዳዋ ብርቅ አይደለም። እናቴ በወጣትነቷ ከአንድ ህንድ ጨርቅ ሻጭ ትገዛ ነበርና፣ ያ ሰው ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ ሒሳቡን ወዲያው ሲነግራት እንዴት እንደተደነቀች ስትነግረን ነው ያደግነው። ወሬውን ይዘን ስንመጣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ "ህንድ ከሆነማ አለቀ! ልጄ አለፈ!" አለች። እኔ እንደ እሷ ቶሎ አላምንም፤ ያን ቀን ግን አመንኩ።

ባቡር ጣቢያ ሄደን ተቀበልነው። ዳይሬክተሩ ከነክራቫቱ፣ እኛ አበባ ይዘን። ጠይም፣ ቀጠን ያለ፣ ዕድሜው ወደ አምሳ የተጠጋ ሰው ከሁለተኛ ማዕረግ ወረደ። በዚያ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሷል፤ ላቡ በአንገቱ ላይ ይወርዳል። የሁላችንንም እጅ አንድ በአንድ ጨበጠ። አንድም ሰው አልዘለለም፣ የተሸካሚዎቹን እጅ ሳይቀር ጨበጠ። ቀበሌው ከእኛ አጥር ጀርባ ያለችውን ባዶ ቤት ሰጥቶት ጎረቤታችን ሆነ።

እናቴ በመጀመሪያው እሑድ ዶሮ ሠርታ ላከችለት። እኔው ነኝ ይዤ የሄድኩት። ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ ደጋግሞ አመሰገነኝና ሥጋ እንደማይበላ በትሕትና ነገረኝ። ተመልሼ ለእናቴ ስነግራት "ጾም ላይ ነው እንዴ?" አለች።

"ሁልጊዜ አልበላም ነው ያለኝ።"

"ሁልጊዜ? በፋሲካም?"

"በፋሲካም።"

"እንቁላልስ?"

"እንቁላልም አይበላም፣ እማዬ።"

እናቴ ቁጭ አለች። ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ሰው በሕይወቷ የምታውቀው የገዳም መነኩሴ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚያ ሰው ያላት አክብሮት ወደ ፍርሃት የተጠጋ ነበር። ምስርና ሽሮ በየጊዜው ትልክለታለች፤ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ከመቀመጫዋ ትነሣለች። ወንድሜን ደግሞ "ይህን ጾመኛ ሰው ብታሳዝን አንተን አያድርገኝ" ትለው ነበር።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ኳስ ተጫዋቾቹም መጥተዋል። ሰውየው ስሙን ሰሌዳው ላይ ጻፈ፣ ፈገግ አለ፣ መጽሐፉን ገለጠ፣ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን መጻፍ ጀመረ። እየጻፈ ይናገራል፤ እንግሊዝኛው ፈጣን ነው፣ ለጆሯችንም አዲስ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር መለየት አቃተኝ። ሰሌዳው ሲሞላ ያጠፋዋል፣ እንደገና ይሞላዋል። በመጨረሻ ዞር ብሎ ገብቷችሁ እንደሆነ ጠየቀን። ተያየን። ሰውየው የተጠመቀ ያህል በላብ ርሷል፣ ጠመኔ እስከ ክርኑ ነጭ አድርጎታል፣ በልመና ዓይን ያየናል። ከኋላ አንዱ "የስ ሰር!" አለ። ከዚያ ሁላችንም "የስ ሰር!" አልን። ደስ ብሎት ሄደ።

እንደወጣ ክፍሉ በጫጫታ ተናወጠ። የገባው አልነበረም። የክፍል አለቃችን የመጋላ ሠፈር ልጅ ነበረች፤ አባቷ ቀፊራ ገበያ ቅመም ይነግዳል፣ እሷ ደግሞ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ ሶማሊኛ ትንፋሽ ሳትወስድ የምትሻገር፣ በቀልድም በቁጣም የምታስተዳድረን ልጅ ነበረች። ጠረጴዛ ላይ ወጣች።

"ያ ጀመዓ፣ ስሙኝ! ወላሂ ማንም እንዳያሳፍረው። እንግዳ ነው። እንግዳ ስጦታ ይዞልህ ሲመጣ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው ትለዋለህ? ትቀበለዋለህ፣ ሹክረን ትለዋለህ፣ ኸላስ!"

"ማትሪኩስ?" አለ ወንድሜ።

"አቦ ቀስ ብሎ ይገባናላ! ጆሯችን ይለምዳል።"

እውነቷን መሰለን። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ጆሮ ለማንም ቋንቋ እንደሚለምድ እናውቃለን። ጆሯችን ለመደም። በመጋቢት ገደማ የሚላትን ቃል ሁሉ እሰማ ነበር፤ ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። የሚናገረው መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነበር። ከሱ አንዲት ቃል አይጨምርም፣ አይቀንስም። ጥያቄ ስንጠይቀው የጥያቄውን ገጽ ፈልጎ ያነብልናል፤ ከዚያ ገብቷችሁ እንደሆነ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ እሺታችን አፋችን ላይ ዝግጁ ነው። እኔም "የስ ሰር" እል ነበር። ሲቆይ ነገሩ እንደ ሰላምታ ሆነ፤ ደህና ነህ ወይ ተብሎ ደህና አይደለሁም የሚል ማን አለ?

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከተማው ግማሹ ጫት ላይ ግማሹ እንቅልፍ ላይ በሆነበት በዚያ ሙቀት፣ ወንድሜ የእናቴን ምስር ወጥ ይዞ፣ መጽሐፉን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ሰውየው ቤት ሄደ። ሳምንት ሙሉ ያልወጣችለትን አንዲት ጥያቄ ሊያሠራው ነው። ብዙም አልቆየም። ሲመለስ መጽሐፉን አልጋው ላይ ወረወረው።

"ምን አለህ?" አልኩት።

"አነበበልኝ።"

"ምኑን?"

"ጥያቄዋን ነዋ! ሦስቴ አነበበልኝ፣ አቦ። ከዚያ ገባህ ወይ አለኝ።"

"ታዲያ አልገባኝም አትለውም ነበር?"

ወንድሜ ተኮሳተረ። "አንቺ ደግሞ! ምግቡን እጁ ላይ አድርጌለት፣ ወንበር ስቦልኝ፣ ከረሜላ ሰጥቶኝ... እንዴት ብዬ?" ከረሜላውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ደሜ ፈልቶ ስለነበር አልተቀበልኩትም። እናቴ ግን ከውስጥ ሰምታ "እሰይ ልጄ፣ አስተማሪ እንዲህ ይከበራል" አለችው።

ዳይሬክተሩ የሚያውቅ ይመስለኛል። አንዴ የክፍል አለቃችን ተልካ፣ ቃላት መርጣ፣ "አስተማሪው ትንሽ ቢያስረዳን" ብላ ብትጠይቀው፣ በሩን ዘግቶ እንዲህ አላት፤ "ልጄ፣ ይህን ሰው ለማግኘት ስንት ደጅ እንደጠናሁ ታውቂያለሽ? ጎባም ነቀምትም ይፈልጉታል። ቅሬታ አለ ከተባለ ነገ አንሥተው ለሌላ ይሰጡታል፣ እኛ ባዶ ወንበር እንታቀፋለን። ያ ይሻላችኋል?" አይሻለንም አለችው። ምን ትበል? መጥታ ስትነግረን የቀለደችበት ነገር አልነበረም፤ እሷ ዝም ስትል ሁላችንም ተስፋ ቆረጥን።

በሚያዝያ ከሐረር ተቆጣጣሪ መጣ። ካኪ ለብሷል፣ ቦርሳ ይዟል፣ ዳይሬክተሩ ከኋላው እንደ ጥላ ይከተለዋል። አስተማሪያችን ማስተማሩን አቁሞ ጠመኔውን እንደያዘ ሰሌዳው ሥር ቆመ። አማርኛ አይሰማም፤ የሚባለውን ከፊታችን ለማንበብ ከአንዱ ወደ አንዱ ያያል። ተቆጣጣሪው "በትምህርት አሰጣጡ በኩል ችግር ካለ ሳትፈሩ ተናገሩ" አለ። የሚናገር ጠፋ። "ማንም የለም?" አለ ደግሞ።

ወንድሜ ተነሣ።

ጠዋት ቤት ውስጥ "ከእንግዲህ በቃኝ፣ የመጣው ይምጣ እናገራለሁ" ብሎኝ ነበርና ሊናገር እንደተነሣ አውቄያለሁ። ተናገር፣ ተናገር እያልኩ የጠረጴዛዬን ጠርዝ ጨበጥኩ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ሰውየውን አየው። ሰውየው ፈገግ ለማለት ይሞክራል፣ ከንፈሩ ግን አልታዘዝ ብሎት ይንቀጠቀጣል። ወንድሜ ወደ ተቆጣጣሪው ዞሮ፣ "ችግር የለም፣ ጓድ። በጣም ጎበዝ አስተማሪ ነው፣ እናመሰግናለን" ብሎ ቁጭ አለ። ክፍሉ አጨበጨበ። ዳይሬክተሩ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ።

ወደ ቤት ስንሄድ በኒም ዛፎቹ ሥር እየጮኽኩበት ሄድኩ። ጅል አልኩት፣ ፈሪ አልኩት፣ ሰው ዞሮ እስኪያየን ድረስ ሰደብኩት። አልተቆጣኝም። "ሰውየው እዚያው ቆሞ እያየኝ እንዴት ልበል?" አለኝ። "ባሕር አቋርጦ የመጣ ሰው ነው። ልጅ ይኖረዋል። ቢያባርሩትስ?"

"አንተንስ ሲወስዱህ?"

"እኔ እጥራለሁ" አለ።

ጣረም። የፊዚክስ ፈተና ቀን ወረቀቱን ስገልጠው መጽሐፉ ዓይኔ ላይ ይታየኛል፤ ገጹን፣ መስመሩን፣ ሥዕሉን ሳይቀር አስታውሳለሁ፤ ግን በቃሌ የያዝኩትን ነገር ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። ወንድሜን ከፊቴ አየሁት። እርሳሱ አይንቀሳቀስም።

ውጤቱ በክረምት መጣ። ከክፍላችን በፊዚክስ ደህና ውጤት ያገኘ አልነበረም፤ ሌላው ትምህርት ያነሣቸው ጥቂቶች አለፉ፤ እኔና ወንድሜ ከነሱ አልነበርንም። የሱ ጉድለት ጥቂት ነበር። ፊዚክስ ኤፍ ባይሆን ኖሮ ይገባ ነበር፤ ይህን እናቴ እንዳትሰማ ሸሸግናት፣ ሰው ግን ነገራት። እኔ ሴት ነኝ፣ ብወድቅ ቤት እቀመጣለሁ። እሱን መስከረም ሳያልቅ ወሰዱት። የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ ከጭነት መኪናው ላይ ሆኖ እጁን ሲያወዛውዝ የሚስቅ መስሎ ነበር። እናቴ መኪናው ከሄደ በኋላ አቧራው እስኪጠፋ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ ምንም ሳትለኝ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

በማግሥቱ ሰውየው መጣ። ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚገባ ከጎረቤት አይቶ ተምሮ ነበር፤ ጫማውን ሳያሰማ ገባ፣ ዝቅተኛዋን ወንበር መርጦ ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፋ። እናቴ ልትነሣለት ሞከረችና ተመልሳ ተቀመጠች። "በይው፣" አለችኝ፣ "ልጄ ስላልበረታ ነው እንጂ አንተ በደንብ አስተምረሃል በይው። እንዳያዝን።"

ያን ጊዜ ነው ያልቻልኩት። ባለኝ እንግሊዝኛ፣ እያለቀስኩ፣ እናቴ ያላለችውን ነገርኩት፤ ምንም አልገባንም፣ አንድም ቀን አልገባንም፣ እንዳናሳፍርህ ብለን ነው፣ ወንድሜም እንዳያሳፍርህ ብሎ ነው አልኩት። ይደነግጣል፣ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ታውቃለህ?" አልኩት።

"ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ። እኔም አይገባኝም ነበር።" ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። "የተማርኩት ስለ ዕፅዋት ነው። አገሬ ባዮሎጂ ነው ያስተማርኩት። አዲስ አበባ ስደርስ የባዮሎጂ ቦታ ሞልቷል፣ የጎደለን ፊዚክስ ነው አሉኝ። አይሆንም ብል ይመልሱኛል፤ እዚያ ደግሞ ልጆቼ የሚበሉት እኔ ከምልከው ነው። እሺ አልኩ። ማታ ማታ መጽሐፉን አነብ ነበር፤ በዚህ ዕድሜ አልገባኝም። እናንተ ገብቶናል ስትሉኝ እንደምትዋሹልኝ አውቅ ነበር። ደግ ልጆች ናቸው እል ነበር። ያ ተቆጣጣሪ የመጣ ቀን ወንድምሽ ሲነሣ አለቀልኝ ብዬ ነበር። እሱ ነው ያዳነኝ።"

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የምሰድበው ስድብ ተዘጋጅቶልኝ ነበር፤ ምላሴ ላይ ደረቀ።

"ምን አለ?" አለችኝ እናቴ።

አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። ስለ ዕፅዋቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ወንድሜ ስለ መነሣቱ ነገርኳት። እየሰማች እጇን ጉልበቷ ላይ ታሻለች።

"ልጄ ነው ያዳነው?" አለች።

"አዎ፣ እማዬ።"

"እሱንስ የሚያድነው ጠፋ?"

ሰውየው ምን አለች ብሎ አየኝ፤ ይህን አልተረጎምኩለትም። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና፣ "ምስር ወጥ አለ። ሳይበላ እንዳይሄድ በይው" አለችኝ። አቀረብኩለት። እንዳያስቀይማት ብሎ በግድ እየዋጠ በላ።

በዚያው ዓመት የባዮሎጂ አስተማሪው ደግሞ እንደ ፊዚክሱ ጠፋ። ቦታው ባዶ ቀረ። ሰውየው ግን በወረቀት የፊዚክስ አስተማሪ ስለሆነ አላዛወሩትም፤ ውሉ እስኪያልቅ እዚያው ሰሌዳ ላይ መጽሐፉን ሲገለብጥ ኖሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሲሄድ የእናቴን እጅ ይዞ ቆመ፤ ሁለቱም በየቋንቋቸው ተናገሩ፣ እንድተረጉም የጠየቀኝ የለም።

ከወንድሜ ሁለት ጊዜ ሰላምታ በሰው ደረሰን፣ ከዚያ ቆመ። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን፣ እግራቸው ያበጠ፣ ቡትቶ የለበሱ ወታደሮች በከተማው ሲያልፉ፣ እናቴ ውሃና ዳቦ ይዛ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ትቀመጥ ነበር። ለሁሉም ትሰጣለች፣ ሁሉንም ትጠይቃለች። የሚያውቀው አልተገኘም። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም፤ ድንኳን ጥለን አላለቀስንለትም። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ማንንም አላማረረችም። እኔ እንደሷ አይደለሁም፣ ቁጡ ነኝ፤ የምቆጣበትን ሰው ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ዳይሬክተሩን አስባለሁ፣ ሰውየውን አስባለሁ፣ ያቺን የመጋላ ልጅ አስባለሁ፣ ሁሉም፣ ሰው ላለማስቀየም የተቻላቸውን ያደረጉ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ወንድሜ ግን የለም።